ተማሪዎቼ ለልምምድ ሊወጡ ነው፤ አለቃው "ዝም ብለሽ ፈርሚ" ሲላቸው ምን እንዲሉ ላስተምራቸው?

ጠመኔ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ቤተሰብ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ልጆቻችን በቅርቡ ለልምምድ በየመሥሪያ ቤቱ ይበተናሉ። ከመውጣታቸው በፊት በሥራ ላይ ስለሚገጥማቸው የሥነ ምግባር ጣጣ የማወራበት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶኛል። ምን ላድርግበት? ሥራ ላይ ያላችሁ ብትነግሩኝ ብዬ ነው።

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ ቀደም አንዲት ተማሪዬ ከልምምድ ቦታዋ ደወለችልኝ። የግዥ ሰነድ እያደራጀች ነበር። ለፕሪንተርና ለቶነር ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ተያይዟል፤ ሦስት ድርጅት፣ ሦስት ማኅተም። ግን ሦስቱም ላይ "ካርትሪጅ" የሚለው ቃል ተመሳሳይ ፊደል ተገድፎበታል። ሠንጠረዡም አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው። ዋጋው ብቻ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል። የክፍል ኃላፊው የክፍያ ማዘዣውን አዘጋጅታ "ያዘጋጀው" በሚለው ቦታ ላይ እንድትፈርም ነግሯታል። እኔም "አትፈርሚ" አልኳት።

"እሺ መምህር፣ ምን ብዬ?" አለችኝ።

ጥያቄዬ ይኸው "ምን ብዬ" የሚለው ነው። ልጅቷ ትክክለኛውን ነገር አጥታው አይደለም። የሂሳብ ባለሙያ የሥነ ምግባር ደንብ አምስቱን መርሆች፣ ቅንነት፣ ገለልተኝነት፣ ሙያዊ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምስጢር ጠባቂነት፣ ሙያዊ ጠባይ፣ በቃሏ ትዘረዝርልሃለች። ሁለተኛ ደረጃ እያለች በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አሥራ አንዱን እሴቶች አጥንታለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ሞራልና ሥነ ዜጋ ወስዳለች። ይህ ሁሉ ትምህርት ግን ከአለቃዋ ጠረጴዛ ፊት ቆማ አፏን የምትከፍትበት አንድ ዓረፍተ ነገር አልሰጣትም።

ባለ_ጉዳይ

መምህር፣ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ያለውን አጽዱ። ተማሪው አሳይንመንት በኮፒ ያስገባል፣ ያልመጣ ጓደኛው ስም ላይ ይፈርማል፣ የልምምድ ሪፖርቱን ካምናው ተመራቂ ወስዶ ስም ብቻ ይቀይራል። እናንተም ታውቃላችሁ፤ ታልፉታላችሁ። አራት ዓመት በውሸት ፊርማ የኖረ ልጅ ክፍያ ማዘዣ ላይ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል ብላችሁ ነው?

ጠመኔ

አቴንዳንስ ላይ ያልከውን አልከራከርህም። ግን ግቢው እስኪጸዳ ድረስ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን ልላካቸው? የሚወጡት በሚቀጥለው ወር ነው።

ፒያሳ_ልጅ

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያለ ባደገ ሕዝብ መካከል ሥነ ምግባር ማስተማር 😂 በርታ ወንድሜ።

ኦዲተሯ

ፒያሳ ልጅ፣ ይህን ተረት የሚጠቅስ ሁሉ "ሕዝቡ እንዲህ ነው" ለማለት ይጠቅሰዋል። እኔ በሥራዬ ያየሁት ሌላ ነው። በልቶ የተያዘ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሳይበላ የፈረመ ሰው ግን ስንቱን ልቁጠርልህ። መምህሩ የሚያወራው ስለነዚህ ነው።

በውስጥ ኦዲት ረዥም ዘመን ሠርቻለሁ፤ እስቲ እንዳየሁት ላስረዳ። ክፍያ ማዘዣ ላይ ሦስት የፊርማ ቦታ አለ፤ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ነገር ሲበላሽ ላይኛው "እኔ የተረጋገጠ ሰነድ ነው ያጸደቅሁት" ይላል። መካከለኛው "የተዘጋጀ ሰነድ ቀረበልኝ፣ ተሟልቷል፣ አረጋገጥኩ" ይላል። የቀረው አዘጋጁ ነው። አዘጋጁ ደግሞ ሁልጊዜ በዕድሜም በደመወዝም ትንሹ ነው፤ በብዙ ቦታ ተለማማጅ ወይም አዲስ ተቀጣሪ ነው። ይህን ለልጆቹ በሰነዱ ላይ አሳያቸው። መርሆውን ተወው፤ ባዶ የክፍያ ማዘዣ አባዝተህ አድልና "ስምህ የት ነው ያለው? ይህ ስም ለምን ይጠየቃል?" በላቸው።

ሌላው የዎርልድኮም ጉዳይ ነው፤ ሂሳቡን አዛብቶ የተያዘው የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያ። አብዛኛው መምህር ሲያስተምረው ስለ ትልልቆቹ ያወራል፤ ስለ ሥራ አስፈጻሚው ኤበርስ፣ ስለ ፋይናንስ ኃላፊው ሰሊቫን። ለተማሪ የሚጠቅመው ግን የቤቲ ቪንሰን ታሪክ ነው። በሂሳብ ክፍሉ መካከለኛ እርከን ላይ የነበረች ሠራተኛ ናት። በ2000 እ.ኤ.አ. መጸው ላይ እሷና አንድ ባልደረባዋ 828 ሚሊዮን ዶላር ከመጠባበቂያ ሂሳብ አውጥተው ወጪ እንዲቀንሱበት ታዘዙ። እሷም ባልደረባዋም ትክክል እንዳልሆነ ገብቷቸዋል፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ እስከመጻፍ ደርሰው ነበር። ሰሊቫን ጠርቶ አረጋጋቸው። አየር ላይ ያሉትን አውሮፕላኖች እናሳርፍ፣ ከዚያ መልቀቅ ከፈለጋችሁ ትለቃላችሁ አይነት ነገር ነው ያላቸው። ለዚህ ሩብ ዓመት ብቻ ነበር የተባለው። ቀጣዩም ሩብ ዓመት መጣ፣ ሌላውም። በመካከሉ እድገትና የደመወዝ ጭማሪ አገኘች። በ2002 ሲንቲያ ኩፐር የምትመራው የውስጥ ኦዲት ቡድን ነገሩን አወጣው። ቪንሰን በ2005 የአምስት ወር እስራትና የአምስት ወር የቤት ውስጥ እስር ተፈረደባት። ታዝዤ ነው ማለቷ ከእስር አላዳናትም።

ይህን ስትነግራቸው ፍርዱ ላይ ብዙ አትቆይ። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጽፋ ሳታስገባ ወደቀረችበት ሳምንት መልሳቸውና ጠይቃቸው። ያን ቀን ለሰሊቫን ምን ልትለው ትችል ነበር? ማንን ይዛ ብትገባ ይሻል ነበር? እምቢ ለማለት ከመጀመሪያው ሩብ ዓመት የቀለለ ቀን ከዚያ በኋላ አልመጣላትም።

ጠመኔ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባዶውን ማዘዣ የማባዛቱን ሐሳብ ወስጄዋለሁ።

የሳይት_ሰው

እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ የእናንተ ወረቀት ነው፣ የእኛ ኮንክሪት ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ለልምምድ የሚመጣው ልጅ ሳይት ላይ መጀመሪያ የሚያየው "ወንጀል" ምን መሰላችሁ? ውሃ ነው። ኮንክሪቱ ቆይቶ ደረቅ ይላል፣ ሠራተኛው ለመግፋት ይቸገራል፣ አንዱ የውሃ ጎማ ይዞ ይመጣና ይለቅበታል። ወዲያው እንደ ልብ ይፈሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ልጁ ግን ውሃ በተጨመረ ቁጥር ጥንካሬው እንደሚቀንስ ክፍል ውስጥ ተምሯል። ለሙከራ የሚሄደው ኪዩብ ደግሞ ውሃው ሳይጨመር ከተወሰደው ነው። በ28 ቀኑ ኪዩቡ ሲጨመቅ C-25ቱን (የተጠየቀውን የጥንካሬ ደረጃ) በደንብ ያልፋል፤ ኮለኑ (ምሰሶው) ውስጥ ያለው ግን ሌላ ኮንክሪት ነው። የውጤቱ ቅጽ ላይ "ናሙና ሲወሰድ የነበረ" ተብሎ የሚፈርመው ማነው? እሱ።

እኔ ተለማማጆችን የምመክራቸው አንድ ነገር ነው፤ አትክሰስ፣ ጠይቅ። "ፎርማን፣ ተሳስተሃል" ካልክ ሃያ ዓመት የሠራን ሰው በሠራተኛው ፊት አዋረድከው፤ ነገሩ ከኮንክሪት ወደ ክብር ይዞራል፣ ከዚያ ወዲያ አትመልሰውም። "ጋሼ፣ ውሃ ከጨመርን ስላምፑን (የኮንክሪቱን ቅጥነት) እንደገና እንለካው? ኪዩቡንስ ከዚህኛው እንውሰድ?" ካልከው ግን የሥራ ጥያቄ ነው የጠየቅከው። እሱም ምን እንዳልክ ይገባዋል። ግማሹ ፎርማን ጎማውን ያስነሳዋል። ሌላው ግማሽ ይስቅብሃል፤ ያን ጊዜ ሥራውን የሚቆጣጠረው ሬዚደንት መሐንዲስ ዘንድ ትሄዳለህ፣ በዕለት መዝገብህ ላይም ሰዓቱን ትጽፋለህ።

ተማሪዎች ደግሞ ሁሉን ነገር ጉቦ አድርገው ያዩታል። አብዛኛው የሳይት ጥፋት ከድካምና ከጥድፊያ የሚመጣ ነው። ፎርማኑን ሌባ አድርጎ የመጣ ልጅ ምንም አያስተካክልም።

አዲስ_ተመራቂ

ሁላችሁም ደህና ቦታ ተቀምጣችሁ ነው የምታወሩት፤ ይቅርታ ይደረግልኝና።

እኔ ከተመረቅሁ ብዙም አልቆየሁም። ሥራ ፍለጋ ስንት ደጅ እንደጠናሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ የግል ድርጅት ቀጠረኝ። ሁለተኛው ወር ላይ ያለ ቫት ደረሰኝ የተሸጠውን ለብቻው በሌላ ደብተር እንድይዝ ተነገረኝ። በጨዋ ደንብ ጠየቅሁ፤ የሳይት ሰው እንዳለው ማለት ነው፣ አልከሰስኩም። በሳምንቱ "ለቦታው ብቁ ሆነህ አላገኘንህም" ተባልኩ። የሙከራ ጊዜ ነዋ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሙከራ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ መካከል ያለ ማስጠንቀቂያ ሸኝተውህ ነው የሚገላገሉህ። ቤት ኪራይ የሚከፈለው ደግሞ በመርህ አይደለም።

ተማሪውን "ተናገር" ብላችሁ ስታስተምሩ፣ ሲባረር ማን እንደሚቀበለውም ንገሩት።

ኦዲተሯ

ልክ ነህ። ልጆቹም ይህን መስማት አለባቸው፤ ሳይሰሙት የሚወጡ ከሆነ ዋሽተናቸዋል ማለት ነው። አንተ እኮ ያደረግኸው ትክክል ነው፣ ዋጋም ከፍለህበታል፤ ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ነው። አሁን ሥራ አገኘህ?

አዲስ_ተመራቂ

አዎ፣ አንድ ማኅበር ውስጥ። ደመወዙ ያነሰ ነው፤ ግን ሁለተኛ ደብተር የለም።

ጥብቅና

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ ክፍል ውስጥ ስታወሩ ባልተጨበጠ ነገር ልጆቹን እንዳታደፋፍሩ።

አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 መሠረት ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ወይም በክስ በመሳተፉ ብቻ ሊሰናበት አይገባም። ነገር ግን አዲስ ተመራቂ እንዳለው በሙከራ ጊዜ "ብቁ አይደለም" የሚባለውን ማስተባበል ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 699/2003። ያተኮረው ከባድ በሆኑ ወንጀሎች ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ የቢሮ ግጭት ጥላ ይሆነኛል ብሎ የሚያስብ ልጅ ይሳሳታል። ሦስተኛ፣ ልጁ ሰነድ ፎቶ አንስቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቢለጥፍ ጠቋሚ አይሆንም፤ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ መያዝና ማስረጃ መበተን ይለያያሉ። ይህን በደንብ አስምሩበት።

ነርሷ_ከሚኒሶታ

ጤና ይስጥልኝ ሁላችሁም። እኔ እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ጀማሪ ነርሶችንም አሠለጥናለሁ። መምህር፣ ያቺ ተማሪህ "ምን ብዬ?" ያለችው ነገር እኛ ዘንድ ራሱን የቻለ ሥልጠና ነው።

ጀማሪ ነርስ ሐኪም ሲሳሳት እያየች ዝም ትላለች፤ ፈርታ ወይም አፍራ። በዚህ ምክንያት ሰው ይሞታል። ስለዚህ ቲምስቴፕስ (TeamSTEPPS) የሚባል ሥልጠና አለ፤ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርና የጤና ጥራት ምርምር ኤጀንሲው አብረው ያዘጋጁት። እዚያ ውስጥ ነርሷ የምትለው ሦስት እርከን ያለው ንግግር ተዘጋጅቶላታል። መጀመሪያ "ይህ ነገር አሳስቦኛል"። ካልተሰማች "ልቤ አልተቀበለውም"። አሁንም ካልተሰማች "ይህ የታካሚ ደህንነት ጉዳይ ነው፤ እንቁም"። አንድ ጊዜ ተናግረሽ ካልተመለሰልሽ ሁለተኛ ጊዜ የመናገር ግዴታ አለብሽ የሚልም ደንብ አለ። ሁለተኛውም ካልሠራ ወደ በላይ ትሄጃለሽ።

ዋናው ንባቡ አይደለም፤ ቆመን እንለማመደዋለን። አንዱ ቁጡ ሐኪም ይሆናል፣ አልጋው ላይ አሻንጉሊት ታካሚ አለ፣ ማሽኑ ይጮኻል። እኔ መጀመሪያ ስሠለጥን ከቋንቋው በላይ የከበደኝ ታላቅን መጋፈጥ ነበር። እኛ ያደግነው ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ እንዳንገባ ተነግሮን ነው፤ ደግሞም ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ አልጠላውም። ግን አፍ ተለማምዶ ካልቆየ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይሉኝታ ይቀድመዋል።

ለንግድ ትምህርትም ይህን የመሰለ መንገድ አለ፤ ሜሪ ጀንታይል የምትባል መምህርት የጀመረችው። "ትክክሉ የቱ ነው?" ብሎ መከራከሩን ትታ፣ "ትክክሉን አውቀሃል እንበል፤ አሁን ለማን፣ መቼ፣ እንዴት ትናገረዋለህ?" ብላ ነው የምትነሳው። ተማሪው ንግግሩን ይጽፋል፣ ይለማመዳል፣ ጓደኞቹ ያርሙታል።

ፒያሳ_ልጅ

በአማርኛ ግን "ልቤ አልተቀበለውም" ብትዪው አለቃው "ልብሽን ለባልሽ" ነው የሚልሽ 😂

ነርሷ_ከሚኒሶታ

😂😂 ለዚህ እኮ ነው ልምምዱ በአማርኛ ይሁን የምለው። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ወስዶ መጫወት ዋጋ የለውም።

ኦዲተሯ

እስቲ በፕሮፎርማዋ ልጅ ልሞክረው። መምህር፣ ከወደድከው ክፍል ውስጥ ተጠቀምበት።

ተማሪ፦ "አቶ እገሌ፣ ይቅርታ፣ አንድ አፍታ ላስቸግርዎት። ሦስቱ ፕሮፎርማ ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት አየሁና ማዘዣውን ከማዘጋጀቴ በፊት ልጠይቅዎት ብዬ ነው።"

አለቃ፦ "ምን ግድፈት? አሳዪኝ። እሱ ምንም አይደል፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ።"

ተማሪ፦ "ግዥ ክፍሉ አንዴ አይቶት ቢመልስልኝ ቶሎ እጨርሰዋለሁ። ኦዲት ቢመጣ ለእርስዎም ጥያቄ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

አለቃ፦ "አንቺ ልጅ፣ ለልምምድ ነው የመጣሽው ወይስ ለምርመራ?"

ተማሪ፦ "ለመማር ነው የመጣሁት። ሌላ ያዘዙኝን ሁሉ እሠራለሁ፤ ይህችኛዋ ላይ ግን መፈረም አልችልም።"

እዚህ ላይ ቁሙ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት የምትከብደው። ተማሪዎቹ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል፣ ወይም ደግሞ ይቆጣሉ። አሥር ጊዜ ያስብሏት። "እርስዎ" እያሉ፣ ዓይን እያዩ፣ ሳይለማመጡ።

ሌላ ደግሞ ልብ በሉ፤ ልጅቷ ለአለቃው መውጫ አስቀምጣለታለች። "ግዥ ክፍል ይየው" ስትለው እሱም ሳያፍር ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። ምናልባት እሱም ሳያነብ የተቀበለው ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ባለ_ጉዳይ

ጥሩ ቲያትር ነው። ግን አንድ የዘነጋችሁት ነገር አለ። የልምምድ ውጤቷን በታሸገ ፖስታ የሚልከው ማነው? ያው አቶ እገሌ። እምቢ የምትለውና ማርክ የሚሰጣት አንድ ሰው ነው። ይህን ሳትቀይሩ ንግግር ብታስተምሯት ምን ዋጋ አለው?

ጠመኔ

ይህ ነጥብ ልክ ነው፤ ትናንት ማታ ሙሉ ሳስበው ነበር። ለትምህርት ክፍሉ ሁለት ነገር ላቀርብ ነው። አንዱ፣ ለአሠሪዎች በምንልከው የትብብር ደብዳቤ ላይ "ተለማማጅ ተማሪ በማናቸውም የክፍያ፣ የግዥና የንብረት ሰነድ ላይ በኃላፊነት አይፈርምም" የሚል አንድ መስመር መጨመር። ተማሪዋ እንግዲህ "ዩኒቨርሲቲው ከልክሎናል" ትላለች፤ ሸክሙ ከእሷ ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው፣ የአሠሪው ውጤት ከአማካሪ መምህሩ ጉብኝት ጋር በሰፊው የሚለያይ ከሆነ መምህሩ እንዲጠይቅ ማድረግ።

የሳይት_ሰው

ደብዳቤው ጎበዝ ነው። ግን በልምምድ ወቅት "ዩኒቨርሲቲው ከልክሎኛል" ማለት የለመደ ልጅ ሲመረቅ ማን ከለከለኝ ሊል ነው?

ኦዲተሯ

ደንቡ ከልክሎኛል ይላል። የእኛ ቢሮ ግማሽ ሥራ እኮ ይኸው ነው፤ "እኔ ምን ቸገረኝ፣ መመሪያው ነው እንጂ" ማለት። ውሸትም አይደለም። ደንብ የሚጻፈው ደካማው ሰው የሚደገፍበት እንዲያገኝ ነው።

ይልቅ አንድ ነገር ቅር አለኝ። እስካሁን ያወራነው ሁሉ ቀላሉን ነው። ሐሰተኛ ፕሮፎርማ ሲበዛ ድፍረት ይጠይቃል እንጂ ግራ አያጋባም። ተማሪን የሚያስጨንቀው ሁለቱም ወገን እውነት ያለው ጉዳይ ነው። ለክፍሉ የሚሆን አንድ ላስቀምጥ።

ገንዘብ ያዥዋ በዕድሜ የገፋች፣ ሁሉም "እማማ" የሚላት ሴት ናት። ተለማማጁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቅርባዋለች፣ ምሳዋን ታካፍለዋለች፣ ሥራ ያስተማረችው እሷ ናት። በወሩ መጨረሻ የፔቲ ካሽ (ለትናንሽ ወጪ የሚያዝ ጥሬ ገንዘብ) ቆጠራ ላይ ረዳት ሆኖ ይመደባል። ሲቆጥር 3,200 ብር ይጎድላል። ከካዝናው ሥር በራሷ እጅ የተጻፈች ወረቀት አለች፤ "ተበድሬያለሁ፣ ደመወዝ ሲወጣ እመልሳለሁ"። ልጇ ታሞባት ነው። በየወሩ ትወስዳለች፣ በየወሩም ትመልሳለች፤ አንድ ብር አጉድላ አታውቅም። "ልጄ፣ እስከ ነገ ብቻ፤ ነገ ደመወዝ ነው" ትለዋለች። ቆጠራውን የሚመራው ሰው ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል።

ልጁ ምን ይጻፍ?

ፒያሳ_ልጅ

3,200 ብር ጎደለ ይጻፍ። ምን ያወዛግባል?

ነርሷ_ከሚኒሶታ

ኧረ ተው። እኔ ብሆን እንባዬ ይመጣል። አሥር ደቂቃ ነገር ነው፤ ከኪሴ አውጥቼ ባሟላስ?

ኦዲተሯ

እህቴ፣ ከኪስሽ ካሟላሽ ሐሰተኛ ቆጠራ ነው የፈረምሽው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ እንደገና ትጠብቅሻለች፤ ተባባሪ ሆንሽ ማለት ነው።

ጥብቅና

ገንዘቡ የመንግሥት ከሆነ "ልመልሰው ነበር" የሚለው ነገሩን ያቀልለት እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። ልጁ የጎደለውንም፣ ወረቀቷንም፣ እንዳለ ቢጽፍ ለሴትዮዋም ይሻላታል። መጉደሉን ብቻ ጽፎ ወረቀቷን ቢተዋት ነው የሚጎዳት፤ ሌባ ትሆናለች። ወረቀቷ ሐሳቧን ታሳያለች።

አዲስ_ተመራቂ

ይህ አልታየኝም ነበር። እኔ "ልጻፍ ወይስ ልሸፍን" ብቻ ነበር ያሰብኩት።

የሳይት_ሰው

ሴትዮዋን ራሷን ለኃላፊው እንድትናገር ማድረግስ? "እማማ፣ እኔ ከመጻፌ በፊት እርስዎ ቢነግሩት ይሻላል፤ አብሬዎት እገባለሁ" ቢላት። ይጽፋል፣ ግን ከጀርባዋ አይጽፍም።

ኦዲተሯ

ይህን ብዙ ሰው አይመልሰውም፤ ጎበዝ። አብሬዎት እገባለሁ ማለቱ ደስ ብሎኛል። ግን አሁንም አንዱ ተማሪ ተነስቶ "በየወሩ የምትመልስ ሴት ናት፣ የሕክምና ብድር የሚሰጥ ደንብ የሌለው መሥሪያ ቤቱ ነው ጥፋተኛው" ቢልህ፣ መምህር፣ አታቋርጠው። እውነት አለው። የብድር ደንብ እንዲኖር በሪፖርቱ የአስተያየት ክፍል ላይ መጻፍም የኦዲተር ሥራ ነው። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው።

ባለ_ጉዳይ

እኔ ባልጽፍስ? ስሙ ይቅርና፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው አውቃለሁ። በ3,200 ብር ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ሴት ጡረታዋ ሲበላሽ አይቻለሁ። በዚያው ዓመት ሚሊዮን የወሰደው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ያውም በእድገት። ልጁ ይህን ሲያይ ምን ይማራል?

ኦዲተሯ

ይህን የምመልስልህ መልስ የለኝም። እኔም አይቻለሁ።

ጠመኔ

ይህንኑ ክርክር እንዳለ ክፍል ውስጥ አመጣዋለሁ፤ የባለ ጉዳይን ጭምር፤ በተለይም የእሱን። ልጆቹ ያንን ሳይሰሙ ቢወጡ አንድ ወር ሳይሞላቸው ራሳቸው ያዩታል፤ ያን ጊዜ የተናገርነው ሁሉ ተረት ይመስላቸዋል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባዶ ማዘዣ ይታደላል፣ ሦስቱ ፕሮፎርማ ይታያል (እኔ ራሴ እሠራዋለሁ፣ ግድፈቱን እነሱ ይፈልጉት)፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለአለቃው የሚናገረውን ቃል በቃል ይጽፋል። በሁለተኛው ቆመው ይጫወቱታል፣ ከዚያ ወደ እማማ ካዝና እንሄዳለን። ፈተና የለውም። መውጫ ፈተና ከመጣ ከ2015 ወዲህ ተማሪው ሁሉን ነገር ወደ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይለውጠዋል፤ ይህንን ደግሞ ምርጫ ካደረግነው ሞተ።

አንድ የሚያስቸግረኝ አለቃ ሆኖ የሚጫወት ሰው ነው። እኔ ከሆንኩ ልጆቹ ማርክ ፈርተው ይሽቆጠቆጣሉ። ጓደኛቸው ከሆነ ይስቃሉ። ከመካከላችሁ አዲስ አበባ ዙሪያ ያለ፣ አንድ ከሰዓት የሚሰጠኝ ይኖራል?

የሳይት_ሰው

ሐሙስ ከሆነ እመጣለሁ። ፊቴ ለአለቃ የተሠራ ነው ይሉኛል። ሒሳብ ግን አላውቅም፣ ማዘዣዋን አስቀድመህ ላክልኝ።

ኦዲተሯ

እኔም እመጣለሁ፤ እማማን እጫወታለሁ። ወረቀቷን በእጄ ጽፌ ይዤ እመጣለሁ። ልጆቹ እንዳያውቁ ግን፤ ቆጠራውን መሃል ላይ ሲደርሱ ነው መስማት ያለባቸው።

አዲስ_ተመራቂ

መምህር፣ እኔም ብመጣ? ስለ ሙከራ ጊዜው የምናገረው አለኝ። ትራንስፖርት ራሴን እችላለሁ።

ጠመኔ

ና እንጂ። ሐሙስ 8 ሰዓት፤ በሩ ላይ ስምህን አስመዘግባለሁ፣ መታወቂያ ያዝ። የሳይት ሰው፣ ማዘዣውን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። አደራ፣ ልጆቹ ሲያፍሩ አታባብልልኝ።